ማስተካከያ፦ የናሚብን ዝናብ የሚነግረን ዛጎሉ አይደለም

ባለፈው በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ስላለው ናሚብ በረሃ የጥንት አየር ንብረት ስንጽፍ፣ «በባሕር ጭቃ ውስጥ ያሉት የፎራሚኒፌራ ዛጎሎች በረሃው ላይ ምን ያህል እንደዘነበ ይነግሩናል» ብለን ነበር። ተሳስተናል።

ፎራሚኒፌራ አብዛኞቹ የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ዛጎላቸው የሚመሰክረው ስለኖሩበት ውሃ ነው፤ በተለይ ስለ ሙቀቱ። የብስ ላይ የዘነበውን ከየት ያውቁታል?

የዝናቡን ወሬ ይዞ የሚመጣው የቅጠል ሰም ነው። ቅጠልን ከላይ የሚሸፍነው፣ ውሃ ሲያርፍበት የሚያንከባልለው ስስ ነገር ማለት ነው። ነፋስና ወንዝ ወደ ባሕር ይወስዱታል። ጭቃው ውስጥ ለሚሊዮን ዓመታት ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ተክሉ የጠጣውን ውሃ ምልክት ይይዛል።

ያምታታን የሁለቱ መቀራረብ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ከናሚቢያ ፊት ለፊት ከባሕር ወለል ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ የባሕሩንም የየብሱንም ታሪክ ይዟል። ደግሞም ባሕሩና በረሃው ይያያዛሉ። ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ጅረት አየሩን ከሥር ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩም ወደ ላይ አይነሳም። ጉም ይመጣል፣ ዝናብ ግን እምብዛም ጠብ አይልም።

ነፋስ ከበረሃው ወስዶ ጭቃው ውስጥ ስለጣለው አቧራ «አቧራ በዛ ማለት ድርቅ በዛ ማለት ነው» ያልነውም ተቻኩለን ነው። ነፋሱ ስለበረታ ብቻም ሊበዛ ይችላል።