የማን ሞተር ነው የምነዳው?

ቺንጋው (የሞተሩ ባለ ጥርስ ቀበቶ) አልገባም! በቶዮታዬ ስምና ሞዴል ገዝቼ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስመጣሁት ቺንጋ! መካኒኩ የቺንጋውን ጥርስ ቆጥሮ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሷ ሞተር አይደለም።»

እና የማን ነው?

ሊብሬው ሞተሯን 2ኢ ይላል። ቤንዚንና አየር በካርቡሬተር የሚቀላቀልበት፣ ባለ 12 ቫልቭ። ብሎኩ በቤንዚን ታጥቦ ቁጥሩ ሲነበብስ? 4ኢ-ኤፍኢ! ባለ 16 ቫልቭ፣ ካርቡሬተር የሌለው፣ ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጭ። ሁለቱም 1.3 ሊትር ናቸው፤ ማን ይጠረጥራል? ሻጩማ «ሴት የያዘቻት፣ ሞተሯ ያልተነካ» ብሎኛል። አልዋሸም። የሷ ሞተር የት እንደገባ በማይታወቅበት ማን ይነካዋል?

መኪናዋ የቤዛዊት ኮረብታ ዳገት ላይ በጠፋች ቁጥር የባሕር ዳር ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ካንዴላ ቀየረ። አንዱ ራዲያተር አጠበ። አንዱማ «ካርቡሬተሩ ቆሽሿል» ብሎ አጽድቶ ሂሳቡን ተቀበለኝ። የቱን ካርቡሬተር? የሌለውን?

እሺ፣ ኮምፒውተሯን እንጠይቅ። በኢንጀክተር የሚሠራ የድሮ ቶዮታ፣ ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ሲያገናኙለት፣ ጥፋቱን በቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭታ ይናገራል። ቆጥሮ ማንበብ ብቻ ነው። መብራቱስ? አልተገጠመማ! ሙሉ ሞተር የቀየረ ሰው ለአንዲት አምፖል ሰሰተ? ወይስ ሆን ብሎ ነው አፏን የዘጋት?

አሁን ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ ደርሷል። ሊብሬው ሌላ፣ ሞተሩ ሌላ። ለቦሎ የማቀርበው የቱን ነው፣ ወረቀቱን ወይስ ብረቱን?