ቡችላ የሚያኝከው በቂም አይደለም

ደብረ ማርቆስ ላይ ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩት ወንድማችን፣ የ4 ወር ቡችላቸው ጫማና የኮምፒውተር ገመድ የሚያኝከው «ትኩረት ስለነፈግሁት ቂም ይዞ ነው፤ ሥራዬን እስክጨርስ በሽቦ ሳጥን ተዘግቶ ይቀጣ» ማለታቸው፣ ብዙዎቻችን የምንጋራው ሐሳብ ቢሆንም ሊታረም ይገባዋል። ቡችላ ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 6 ወይም 7 ወር ዕድሜው ድረስ 28 የወተት ጥርሶቹን በ42 ቋሚ ጥርሶች ስለሚተካ፣ ድዱ በሚያመው በዚህ ወቅት ያገኘውን ሁሉ ማኘኩ ተፈጥሯዊ ነው። ሲቆጡት አንገቱን መድፋቱም ቁጣዎን መፍራቱን እንጂ ጥፋቱን ማወቁን አያሳይም።

ሳጥኑን አልቃወምም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡን እዚያው እየበላ ቀስ በቀስ ከለመደው ገመድ ከመንከስ የሚጠብቀው ማረፊያ ይሆንለታል። የቅጣት ቦታ ከሆነ ግን ይጠላዋል፤ በዚህ ዕድሜው ሽንቱን ለረጅም ሰዓት መቋጠር ስለማይችልም ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት መዝጋት ጭካኔ ነው። በየመሃሉ ያውጡት፣ ያጫውቱት፣ ገመዶቹን ከፍ አድርገው ይሰብስቡ፣ የሚያኝከው ጠንካራ የጎማ መጫወቻ ወይም ነክረው ያቀዘቀዙት ጨርቅ ይስጡት፤ ጨርቁን ግን እንዳይውጠው አጠገቡ ሆነው ይጠብቁት። በየቤታችን ለውሻ የምንጥለው የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ ስለሚችል፣ እባክዎ አይስጡት።