ለወሎ ታካሚ ምርጫ መንፈግ ሕክምና አይደለም

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ በተካሄደ አንድ የጤና ውይይት ላይ አንድ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ሰዎች ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ተናገሩ። ያነሡት ሁለት ዓይነት ነው፦ ጨጓራን ቆርጦ የሚያጠበውን «ስሊቭ» እና ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገናኘውን «ባይፓስ»። «ለእኛ አካባቢ ስሊቩ ይበቃል፤ ባይፓስ የዕድሜ ልክ ቫይታሚንና ክትትል ይፈልጋል፤ የእኛ ታካሚ ይህን አይችልም፤ ስለዚህ ሁለቱን አቅርቦ ምረጥ ማለት ማደናገር ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔ ግን ንግግሩ ከሥሩ የተሳሳተ፣ ለወሎ ሰውም ክብር የነፈገ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስሊቭ ቫይታሚንና ክትትል እንደማይፈልግ አድርጎ ማቅረብ ከአንድ ሐኪም የማይጠበቅ ነው። በስሊቭ ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ቱቦ የጠበበ ነው፤ የወጣውም ተመልሶ አይገባም። ቫይታሚን ቢ12 ወደ ደም እንዲገባ የሚረዳው ንጥረ ነገር የሚመነጨው በአብዛኛው ከዚሁ ተቆርጦ ከሚጣለው ክፍል ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይቀምስ የዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ምእመን ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል። አንጀቱ ስላልተነካ ብቻ ታካሚውን «ሂድ፣ ጨርሰሃል» ብሎ መሸኘት እንዴት ይቻላል?

ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ ግን «አይችልም» የሚለው ቃል ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ክኒኑን የሚውጠው ማን ነው? ከወረኢሉ፣ ከመቅደላ፣ ከወግዲ ሌሊት ተነሥቶ ለቀጠሮው ደሴ የሚደርሰው ማን ነው? ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ባስቀመጠው እንስራ የሚያቆየው፣ በ2014 ዓ.ም. የጤና ተቋማት ሲዘረፉ መድኃኒቱን ፍለጋ ከከተማ ከተማ የተንከራተተው ይኸው «አይችልም» የተባለው ሰው ነው። ይህ ሕዝብ ያጣው መድኃኒቱና የሚያስረዳው ሰው ነው እንጂ ጽናት ጎድሎት አያውቅም። የቢ12 መርፌና የአይረን ክኒን ያቅተዋል ብሎ መፍረድ ታካሚውን አለማወቅ ነው።

በክብደት ረገድ ልዩነቱ ሰፊ እንዳልሆነ አምናለሁ። በፊንላንድ 240 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ሲነጻጸሩ ባይፓሱ በመጠኑ በልጧል፤ ስሊቩም ብዙ ክብደት ቀንሷል። በጉልህ የሚለያዩት በቃር ነው። ከ10 ዓመት በኋላ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ሲታዩ፣ ስሊቭ ከተደረገላቸው ከመቶ 31ዱ፣ ባይፓስ ከተደረገላቸው ደግሞ ከመቶ 7ቱ የምግብ መውረጃ ቧንቧቸው በአሲድ ተቆጥቶ ተገኝቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የጠበበው ቱቦ ግፊቱ ይጨምራል፣ አሲዱም ወደ ላይ ይገፋል። በባይፓስ ግን ከላይ የሚለየው ትንሽ ከረጢት የሚያመነጨው አሲድ ጥቂት ነው፤ ከረጢቱም በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። እንግዲህ በየቤቱ «ጨጓራዬን» የሚል ሰው በሞላበት አገር ቃር አለብህ ወይ ብሎ እንኳ ሳይጠይቁ ለሁሉም ስሊቭ መስጠት በእኔ እምነት ጥፋት ነው።

ባይፓስም የራሱ አደጋ አለው፤ አንጀት ውስጥ ለውስጥ ሊታነቅ ይችላል፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ በዘፈቀደ መዋጥም ከረጢቱና አንጀቱ የተገናኙበትን መጋጠሚያ ያቆስላል። ይህንንም ቢሆን ሰምቶ የሚወስነው ታካሚው ነው።

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሊቭ ተደርጎላታል። ቀድሞም ቃር ነበረባት፤ የጠየቃት ግን አልነበረም፣ ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና መኖሩንም የነገራት የለም። ክብደቷ ቀንሷል፤ ሌሊቱን ግን በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምታነጋው። ቫይታሚኗን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አላቋረጠችም። ባለፈው ወር ኢንዶስኮፒ ከታየች በኋላ፣ መፍትሔው እንደገና ተከፍቶ ወደ ባይፓስ መቀየር ነው ተብላለች።