ለሦስት ሰዓቱ ጀግና

እንደ ሽርሽር መርከብ ተሳፋሪ ያለ ጀግና ከወዴት ይገኛል? ሌላው መንገደኛ አንዲት ከተማ ለማወቅ ሳምንት ሲፈጅ፣ እሱ የአድሪያቲክን ጠረፍ በሦስት ቀን አጠናቆ ቁጭ ይላል። ሰኞ የክሮኤሺያዋ ስፕሊት፣ ማክሰኞ የሞንቴኔግሮዋ ኮቶር፣ ረቡዕ ደግሞ ክሮኤሺያ ተመልሶ ዱብሮቭኒክ። ሐሙስ ፎቶ መሰረዣ ነው፤ ስልኩ ሞልቷላ።

ስፕሊት ላይ ብልኃቱን እዩልኝ። በስንክሳር የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ፣ ያ ዓመተ ሰማዕታት ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. የሚቆጠርለት አሳዳጅ፣ ዙፋኑን ትቶ ያረፈበት ቤተ መንግሥት እዚህ ነው። መቃብሩን ክርስቲያኖች ኋላ ካቴድራል አደረጉት፤ የሰየሙትም በእሱ ዘመን አንገቱን ለተቀላው ጳጳስ ለዶምኒዮስ ነው። እንዲህ ያለ የታሪክ ብድር ምላሽ የትም አይገኝም፤ ጀግናችን ግን ለወሬ ጊዜ የለውም። ከቤተ መንግሥቱ በወርቅ በር ወጥቶ፣ ቀራፂው ሜሽትሮቪች በ1929 እ.ኤ.አ. ወዳቆመው የጳጳስ ግርጉር ሐውልት ይገሰግሳል። ጳጳሱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ስላቭ ቋንቋ ቅዳሴ የተሟገቱ ሰው ናቸው። እሱን ተዉት። ዋናው የግራ እግራቸው አውራ ጣት ነው፤ ለዕድል ይታሻል፣ እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል።

ኮቶር ላይ የጉዞው ሁሉ ምርጥ ትዕይንት ማለዳ መርከቡ በተራሮች መካከል ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲገባ ነው። እሱ ያን ጊዜ ለቁርስ ተሰልፏል። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለውን ምሽግ የሚወጣው በቀትር፣ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ውኃ ነው። ደረጃው 1,350 ገደማ ነው። አጋማሹ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ጋ ፎቶ ተነሥቶ “ጫፍ ወጣሁ” ይላል። ማን ይቆጥርበታል?

ዱብሮቭኒክ ላይ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ግሩዥ ወደብ ከአሮጌው ከተማ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ አውቶቡሱም ሁሉንም ፒሌ በር ላይ ያራግፋል። በምሥራቅ ፕሎቼ የሚባል በር አለ፤ ትከሻ ለትከሻ ሳይጋፉ መግባት ግን ምን ወግ አለው? ከተማዋ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከሁለት ትልልቅ መርከብ በላይ አይቁም ብላለች። ለጀግናችን ሁለቱም ይበቁታል።

አሮጌውን ከተማ የከበበው ቅጥር በበጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፈታል። ያኔ ጥላም ነፋስም አለ፤ ስለዚህ አይሆንም። እሱ የሚጀምረው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ ከላይ፣ የነጩ ድንጋይ ወላፈን ከታች። ዙሪያው 1,940 ሜትር፣ መንገዱም ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ደከመኝ ብሎ መመለስ የለም። ከፊት ያለው ሰልፊ ሲነሣ ከኋላ ያለው መቶ ሰው ቆሞ ይጠበሳል። ይህ ነው እንግዲህ ጽናት!

ሲወርድ ይጠማዋል። ፒሌ በር ሥር መሐንዲሱ ኦኖፍሪዮ የሠራው ምንጭ በ16 አፎቹ ንጹሕ የሚጠጣ ውኃ በነጻ ያፈስሳል፤ ውኃው ከ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ተስቦ ከተማ የገባው በ1438 እ.ኤ.አ. ነው። ጀግናችን ምንጩን ፎቶ ያነሣና ከጎኑ የላስቲክ ውኃ ይገዛል። ከዚያ በዋና ልብስ፣ ደረቱን ገልጦ፣ በዋናው መንገድ በስትራዱን ይንጎራደዳል። ቅጣት እንዳለው በሥዕል ሳይቀር ተለጥፏል፤ ለዓሦቹ መስሎት ይሆናል። የመንገዱ ድንጋይ በዘመናት እግር እንደ መስተዋት ለስልሷልና እርጥብ ነጠላ ጫማ ሲረግጠው የሚሆነውን ካፌ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

የአዳሪውን የወንድሙን ውለታም አንርሳ። ባለ ጎማ ሻንጣውን ከሌሊቱ 10 ሰዓት በድንጋዩ ደረጃ ቀ-ቀ-ቀ እያደረገ ሲያወርድ፣ ግንቡ ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ነዋሪዎች ያለ ደወል ይቀሰቅስላቸዋል።

አመሻሽ ላይ መርከቡ ይጮኻል። ድንጋዩ ይበርዳል፤ ቅጥሩ ላይ ሰው ይሳሳል፤ ባሕሩ ወርቅ ይለብሳል። ጀግናችን ያኔ ላይኛው ፎቅ ላይ ለፓስታ ተሰልፎ፣ ከኋላው ላለው ሰው እየነገረው ነው፦ “ዱብሮቭኒክ ቆንጆ ናት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሰው በዛባት።”