የበረሳን ጤና በዓይን መመዘን ይብቃ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ፣ የበረሳ ወንዝ ጤና በረቂቅ ተሕዋስያን ዲኤንኤ ይመርመር የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ አንድ ኃላፊ «ውኃው ጠርቷል፣ ሽታውም ቀንሷል፤ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ብለው ዘጉት። ውኃ ውስጥ የሟሟ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረትም ሆነ ከፍሳሽና ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሬት አይታይም፣ አይሸትምም። በዓይንና በአፍንጫ የሚፈረድ ከሆነ ላቦራቶሪ ለምን አስፈለገ?

የተለመደው ምርመራ በጠርሙስ የተቀዳውን ውኃ ስለሚለካ የሚነግረን የዚያችን ሰዓት ሁኔታ ብቻ ነው። ሌሊት ፍሳሽ ቢለቀቅ እስኪነጋ በረሳ ወደሚቀላቀለው የጀማ ወንዝ አቅጣጫ ወርዶ ያልፋል፤ በሥራ ሰዓት የሚደርሰው ባለሙያም የጠራ ውኃ ቀድቶ የጠራ ሪፖርት ይጽፋል። ድንጋዩን የሚያሙለጨልጨው የባክቴሪያና የአልጌ ሽፋን ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ መርዙን የማይችሉት ዝርያዎች ይመናመናሉ፣ የሚቋቋሙት ይበዛሉ፣ ይህም ለውጥ ፍሳሹ ካለፈ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ያንን ሽፋን ፍቆ ዲኤንኤውን በማውጣትና ባክቴሪያዎች ሁሉ የሚጋሩትን 16ኤስ የተባለ ጂን በማንበብ፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የማይበቅሉትን ጭምር በየወገናቸው መለየት ይቻላል። ከከተማው በላይ የተወሰደውን ናሙና በታች ከተወሰደው ጋር እያነጻጸሩ ቢወርዱ፣ ስብጥሩ የሚዛባበት ቦታ ፍሳሹ የሚገባበትን ይጠቁማል። ይህ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ካለ ምክንያቱን በአደባባይ ይንገረን።

በእርግጥ የሞቱ ተሕዋስያን ዲኤንኤም አብሮ ይነበባል፣ ክረምትና በጋም ስብጥሩን ይለዋውጣሉ። መፍትሔው በየወቅቱ ደጋግሞ መመርመር እንጂ እርግፍ አድርጎ መተው አይደለም።

ቅንጦት የተባለውን በተመለከተ፣ በእጅ የሚያዝ የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 የኢቦላን ሥርጭት ለመከታተል ያገለገለው ጊኒ ውስጥ ነበር። ጊኒ ሀብታም አገር አይደለችም። የመንዝ ሰው የጓሳን የሣር ምድር በራሱ ሕግ ለዘመናት ጠብቆ ባቆየበት በዚሁ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ የተፈጥሮን ጤና መከታተል ለእኛ አይገባም ብሎ መናገር ድፍረት ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ከክረምቱ በፊት ከከተማው በላይ፣ ከከተማው በታችና ወንዙ ጀማን ከመቀላቀሉ አስቀድሞ ካለው ሥፍራ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊው ስለ ውኃው መጥራት ቢናገሩ እንሰማቸዋለን።