ክብር ለ7ኛ «ሀ»!

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ካርድ ልቀበል ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ 7ኛ ክፍልን በደረጃ ደልድሏል፦ እስከ 50ኛ የወጡት «ሀ»፣ ቀጥለው «ለ»፣ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ «ሠ»። የእኛዋ «ሠ» ናት። እንኳን ደስ አለን!

የወላጆች መቀመጫም በዚያው ድልድል ነው። የ«ሀ» ወላጆች ፊት፣ እኛ ግድግዳ ጥግ። ሻይና ቆሎው «ሐ» ላይ አለቀ።

እኔ ግን አመሰግናለሁ። ስንት ዘመን «አንድ ለአምስት» እያልን ጎበዙን ከደካማው ጋር ስናስር ከረምን! ለካ መድኃኒቱ ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ኖሯል። ጎበዙ አስተማሪ «ሀ» ይገባል፤ የላብራቶሪው ቁልፍም እሱ ዘንድ ነው። «ሠ» የሚገባው ሰኞ የሚቀረው፣ አርብ የሚቸኩለው ነው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ይመጣል፣ ይወድቃሉ። ድልድሉ ትክክል እንደነበር በዚህ ይረጋገጣል።

ይህ ጥበብ ለምን ትምህርት ቤት ብቻ ይቀራል? የፋሲካን ዶሮ ተመልከቱ። እስከ ዛሬ ያለ አንዳች መስፈርት፣ በዕድሜና በፍቅር ስናድል ኖርን። ከእንግዲህ ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ገበታ ይቅረቡ። አንደኛ የወጣው ፈረሰኛውን ከሁለት እንቁላል ጋር ያንሳ። እስከ አምስተኛ መላላጫ። ሒሳብ ከ60 በታች ያመጣ ክንፍ፤ አማርኛ የወደቀ አንገት፤ ጸባዩ «ለ» የሆነ አንገቱን ከታናሹ ጋር ይካፈል። 233ኛ የወጣችው የእኛዋ ድስቱን ትጥረግ። ለከርሞ ፋሲካ ትመዘንና፣ ክብደት ስላልጨመረች «ድሮም መብላት አትችልም» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቅሬታ ካላት ለድመቷ ታመልክት፤ ድመቷ በደረጃ ትቀድማታለች።

11ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሌላ ወንፊት አለ። ሶሻል የገባ ልጅ ቤት ዘመድ አዝማድ ለቅሶ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ማበጠሩንስ ተክነንበታል፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ጠርቶ የወጣ ንጥር ቅቤ እንኳ አላውቅም። የቀረነው በሙሉ «ሠ» ነን፤ ሻይ አይደርሰንም።

ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው። አምና እጇን አውጥታ «ለምን?» የምትል፣ ቤት መጥታ የተማረችውን በራሷ ቃል የምታስረዳኝ ልጅ ነበረች። ሰሞኑን ክፍልፋይ ላስረዳት ብቀመጥ «ተወው ጋሼ፣ እኛ እኮ «ሠ»ዎች ነን» አለችኝ። በጆሮ ሲሰማ «ሰዎች ነን» ያለች ይመስላል። ምነው ያንን ባለች! አንድን ልጅ ከራሱ ተስፋ እንዲቆርጥ አስተምሮ ደመወዝ መብላት እንዴት አያሳፍርም? ሌባ እንኳ የሚሰርቀው ዕቃ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። አወጣሁ። ከመድረኩ የተቀመጡት ሰው ሰዓታቸውን አዩና፣ ጊዜ ስለተጣበበ ዕድሉን ለ«ሀ» እና ለ«ለ» ወላጆች ብቻ እንደሚሰጡ በትሕትና ገለጹልን።

እጄን አወረድኩ።