ምንም ሳልነካው ቆመ፤ መፍትሔ በውስጥ መስመር

"ኮኔክሽን የለም። መፍትሔ??"

ሦስት ቃል፣ ሁለት የጥያቄ ምልክት። ሰላምታ የለ፣ የመሣሪያ ስም የለ፣ መቼ ጀመረ የለ። ይህን ጽፎ ብዙ ሺህ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጣል አድርጎ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ ሰው ሊከበር ይገባዋል። እኔ በበኩሌ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ።

ሌላው ዓለም ችግሩን ሲያስረዳ ይውላል። የእኛ ሰው ግን ክብሩን ያውቃል። ገመናውን ለማያውቀው ሰው አይዘረዝርም። ራውተሩ ሁዋዌ ይሁን ዜድቲኢ፣ መስመሩ ፋይበር ይሁን ሲም ካርድ፣ የቆመው ከትናንት ጀምሮ ይሁን ከፋሲካ ጀምሮ፣ ይህ ሁሉ የቤተሰብ ምስጢር ነው።

መላሾቹ ደግሞ እነማን ናቸው? ደመወዝ የላቸውም። ቀን የራሳቸው ሥራ አለባቸው፤ ማታ ከራት በኋላ ስልካቸውን ይዘው ጋደም ይላሉ። አንዱ ባንክ ውስጥ አይቲ ነው። አንዷ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። አንዱ ቨርጂኒያ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፤ እኛ ቁርስ ስንበላ እሱ እንቅልፍ እያታገለው ይመልሳል። ማንም ሳይቀጥራቸው የሰው ራውተር ያሳስባቸዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገኝ ታዲያ ምን ይደረጋል? እንቆቅልሽ ይጠየቃላ!

የልጅነት ጨዋታችን ነው። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልሽ!" የግሩፑም ሕግ ይኸው ነው። ጠያቂ ይደብቃል፣ መላሽ ይገምታል። እንዲህ ያለው ምልልስ ከዚያ መንደር አይጠፋም፦

"በዋይፋይ ነው በኬብል?"

"ኖርማል ነው።"

"ራውተሩ ላይ የትኛው መብራት ነው የበራው?"

"ሁሉም።"

"ቀይ አለ?"

"ትንሽ።"

ይህቺን "ትንሽ" ልብ በሉልኝ። ቀይ መብራት በትንሹ እንዴት እንደሚበራ እስካሁን የገባው ባለሙያ የለም። ፋይበር የገባለት ቤት ከሆነ፣ ሳጥኗ ላይ "ሎስ" ተብሎ የተጻፈባት መብራት ቀይ ከሆነች ነገሩ አለቀ። ብርሃኑ በክሩ በኩል እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ክሩ ታጥፏል፣ ወይ ተነቅሏል፣ ወይ ውጭ መንገድ የሚቆፍሩት ቆርጠውታል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚነካካ ሴቲንግ ሁሉ አያድነውም፤ መስመሩን ላስገባው ድርጅት መደወል ነው። ይህ በመጀመሪያው መልእክት ቢጻፍ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን ጨዋታው የታለ?

ስለዚህ ግሩፑ በሙሉ ተነስቶ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን አገልግሎት፣ ያስቀይረዋል። "8.8.8.8 አድርገው" ይላል አንዱ። "የለም፣ 1.1.1.1 ይሻላል" ይላል ሌላው። ሁለቱ እርስ በርስ ይካረራሉ። አንዱ የሌላውን የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል። ጠያቂያችን ዳር ቆሞ ያያል። ሁሉም ሲደክመው፣ ቀስ ብሎ፣ "ሪሴትም አድርጌው ነበር፤ ችግር አለው እንዴ?" ይላል።

ችግርማ ምን አለው! በመርፌ ጫፍ ከኋላ ያለችዋን ቀዳዳ ወጋ አድርጎ ይዞ፣ ቴክኒሻኑ መስመሩን ሲያስገባ የሞላውን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ጠራርጎ አጥፍቶታል። የተባለው ሪስታርት አድርገው፣ ማለትም አጥፍተህ አብራው ነበር። እሱ እጁ ለጋስ ስለሆነ ሪሴት አደረገው። በአንድ ችግር መጥቶ በሁለት ተመለሰ። አሁን "አገር ስጠኝ" ቢል ማን ይከለክለዋል? ጎንደርን ከነግንቡ ይውሰድ።

ስክሪንሾት ላክ ሲባል ደግሞ ጥበቡ ይታያል። ስክሪንሾት አይልክም። ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልካል። ፎቶው ጠመም ያለ ነው። መሃሉ ላይ የአምፖል ነጸብራቅ አለ። ዳር ላይ የቡና ስኒ፣ ከስኒው ጀርባ የኮምፒውተሩ ባለቤት ጉልበት። ስህተቱን የሚናገረው መስመርስ? ተቆርጧል። የደረሰን "ኦኬ" የሚለው በተን ነው። በጣም ጥርት ያለ ኦኬ ነው።

ያቺ የተቆረጠች መስመር ላይ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ አይፒ አድራሻው፣ ኮምፒውተሩ ኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ነበረ። ኮምፒውተር ከራውተር ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ "አድራሻ ስጠኝ" ይላል። የሚሰማው ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ያወጣል። ስለዚህ ያ ቁጥር ከታየ ኮምፒውተሩና ራውተሩ ገና አልተነጋገሩም፤ ኬብሉን፣ ሶኬቱን፣ ራውተሩን ማየት ነው። ቁጥሩ በ192.168 ከጀመረ ደግሞ እስከ ራውተሩ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሰላም ነው፤ ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አንዷ መስመር ግማሹን ሥራ ትሠራለች። መቆረጧም ለዚሁ ይመስለኛል።

ምስጢር ጠባቂነቱ ግን ወሰን አለው። "ራውተሩን ገልብጠህ የሞዴሉን ቁጥር አንሳልን" ሲባል፣ የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ የታተመበትን ስቲከር አንድም ፊደል ሳይደበዝዝ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ይለጥፈዋል። የሞዴሉ ቁጥር ላይ አውራ ጣቱ አርፏል።

መጻፍ የሚያደክመውም አለ። እሱ ቮይስ ይልካል፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ። የእሱ ድምፅ ይመጣል ይሄዳል፤ የረዳቱ ግን ኩልል ይላል። "...እና ያው እንዳልኳችሁ ነው፣ ተባበሩኝ" ብሎ ይጨርሳል። ከቮይሱ የተረዳነው ነገር ቢኖር ለመገናኛ አንድ ሰው እንደሚቀር ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ቅኔያቸው እንምጣ። "ምንም አልነካሁም።" ይህን ያላለ ጠያቂ አልገጠመኝም። ውሸታም ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ወደ አፌም አይመጣ። የነኩትን ነገር እንደ መንካት ስለማይቆጥሩት ነው።

ቢሮ ነው እንበል። ግማሹ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አለው፣ ግማሹ የለውም። ትንሽ ቆይቶ የነበረው ያጣል፣ ያጣው ያገኛል። "ቫይረስ ይሆን?" ይላል ጠያቂ። "ሃክ ተደርገን ይሆናል" የሚልም አይጠፋም። ግሩፑ ይታመሳል። ከብዙ ምርመራ በኋላ እንደሚታወቀው፣ ሥራ አስኪያጁ ክፍላቸው ድረስ ዋይፋዩ አልደርስ ስላላቸው ከቤት የተረፈ ራውተር አምጥተው ግድግዳው ላይ ካለው ኬብል ጋር ሰክተውታል፤ ያውም ከውጭ የሚመጣው መስመር በሚገባበት ሳይሆን፣ ኮምፒውተር በሚሰካበት "ላን" በሚባለው ቀዳዳ። አሁን ቢሮው ውስጥ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት ራውተሮች አሉ። ኮምፒውተር ደግሞ የዋህ ነው፣ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። የነባሩ የደረሰው ሥራውን ይሠራል። የእንግዳው የደረሰው መውጫ ወደሌለው መንገድ ይላካል፤ ምክንያቱም እንግዳው ራሱ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስመር የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንግዳው ላይ ዲኤችሲፒ የምትለዋን፣ አድራሻ የምታድለዋን፣ ማጥፋትና የራሱን አድራሻ ከነባሩ እንዳይጋጭ መቀየር። ለዚህ ግን "ሰሞኑን የገባ አዲስ ነገር አለ?" ሲባል "አዎ" የሚል ሰው ያስፈልግ ነበር። የመጣው መልስ ምን ነበር መሰላችሁ? "አዲስ ነገር የለም፤ አሮጌ ራውተር ነው የገባው።"

ሎጂኩን ማን ሊነቅፈው ይችላል?

ከሁሉ የምወደው ግን የሰዓቱን ነው። ዋይፋዩ ተገናኝቷል። ድረ ገጾቹ ግን አንዱ ተከትሎ ሌላው "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" እያሉ ይመልሱታል። ጠያቂያችን መስመሩን ይረግማል፣ ያስገባውን ይረግማል። የኮምፒውተሩን ቀን ያየው ሰው የለም። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው የሚሰጠው። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ብሮውዘሩ ሁሉንም ይጠራጠራል። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። እሺ፣ ይህ የባትሪ ጥፋት ነው።

በገዛ እጁ ያስተካከለውስ? 2026 የሚለው የፈረንጅ ሆኖ አልዋጥ ብሎት 2018 አደረገው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስለነበረም 9 የሚለውን 3 አለው። አገር ወዳድነቱ አያጠያይቅም። ኮምፒውተሩ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የድረ ገጹ ሁሉ ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም ብሎ ያምናል። "ምንም አልነካሁም" ይላል ይሄም። ልክ ነው። ያረመው እንጂ የነካው የለም።

ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋ ጊዜ፣ የካቲት 2015 ላይ የጫነውን ነጻ ቪፒኤን ዛሬም ሳያጠፋ "ኔቱ ተንቀራፈፈብኝ" የሚለውንም ሳላመሰግን አላልፍም። መዘጋቱ ሐምሌ ላይ አብቅቷል። የእሱ መልእክት ግን ከቦሌ ፒያሳ ለመድረስ አሁንም በአውሮፓ በኩል ይዞራል።

"ፒንግ አድርግና ውጤቱን ላክልን" ሲባል ይቆጣል። "እኔ የጠየቅኩት መፍትሔ ነው!" እውነቱን ነው። ፒንግ ማለት እኮ አሜሪካዊው ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ የራሱ ኔትወርክ ቢያስቸግረው ጽፎ በነጻ የለቀቃት ትንሽ ፕሮግራም ናት። ሥራዋ "አለህ?" ብሎ መጠየቅና "አለሁ" እስኪባል የፈጀውን ጊዜ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኖርዌይ በርገን ከተማ ውስጥ የሊኑክስ ወዳጆች ተሰብስበው የኢንተርኔት መልእክት በርግብ እግር አስረው ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ የተጻፈ ደንብ ነበር፤ እነሱ የምር ሞከሩት። ዘጠኝ ፒንግ ላኩ፣ አራት መልስ መጣላቸው። ፈጣኑ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ፤ የዘገየው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆየ። በእኛ ግሩፕ ሚዛን ይህ ድንቅ ውጤት ነው። ለዘጠኝ ጥያቄ አራት መልስ የሰጠ ጠያቂ ታይቶ አይታወቅማ።

ትዕግሥቱም ይነገር። ጥያቄው ከተለጠፈ አምስት ደቂቃ ሲሞላው "ማንም የለም እንዴ?" በአሥረኛው "ግሩፑ ሞቷል።" በአሥራ አምስተኛው "የሚያውቅ ከሌለ ለምን ተከፈተ?" በዚያው ቅጽበት ያው ሦስት ቃል በሌሎች አራት ግሩፖች ተለጥፏል። አምስት ቦታ አምስት ሰው ለአንድ ቀይ መብራት ራቱን ያቀዘቅዛል። አንዱ ጋ መልስ ሲገኝ ለአራቱ የሚነግራቸው የለም። ይልፉ፤ ልምድ ነው።

መላሾቹም መላእክት አይደሉም። ለማንኛውም ጥያቄ "ፎርማት አድርገው" የሚል አለ፤ ዊንዶውስ ሲቀየር ቀዩ መብራት አረንጓዴ የሚሆን ይመስለዋል። ኮኔክሽን የለኝም ያለውን ሰው "ጎግል አድርግ" ብሎ የሚያሰናብትም አለ። እነሱን ሌላ ቀን አመሰግናቸዋለሁ።

የክብሩ ጫፍ ግን የሚመጣው አንድ ደግ ሰው ፍንጭ ሲያገኝ ነው። "እባክህ ወንድሜ፣ በውስጥ መስመር!" ለምን በአደባባይ? ሌላ ሰው አይቶ ይማርበት እንዴ? መላሹ ተለይቶ ለብቻው ይያዛል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ይደወልለታል። "ተኝተህ ነበር እንዴ?" ይባላል። እየተነቀለ እየተሰካ፣ "ከየትኛው ቀዳዳ?" "ከሱ ቀጥሎ ካለው" ሲባል ቆይቶ፣ የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መያዣ ተሰብራ፣ ሰው በጠረጴዛው በኩል ባለፈ ቁጥር ኬብሉ ላላ እንደሚል ይደረስበታል። የሰበራት ማን ነው? ማንም ምንም አልነካም።

ጠዋት ግሩፑ ላይ አንድ ቃል ይወጣል፦ "ተፈታ።"

ለምን ቆሞ ነበር፣ እንዴት ተፈታ፣ ማን ፈታው፣ አይነገርም። ቀጥሎ ጥያቄውን ራሱን ያጠፋዋል። ከሥሩ የነበሩት መልሶች ብቻቸውን ይቀራሉ። "እሷን አይደለም፣ ከጎኗ ያለችውን" የሚል አለ። "ቀይዋን ነው የምልህ" የሚል አለ። "ጎበዝ! አሁን እዚያው ያዘው" የሚልም አለ። ነገ ያው ችግር ገጥሞት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እነዚህን ነው፤ ያዝ የተባለው ምን እንደሆነ ራሱ ይድረስበት።

ያ ሌሊቱን የተቀሰቀሰው ልጅ ግን አያርፍም። "ወንድም፣ ሌሎችም እንዲጠቀሙ እንዴት እንደፈታነው ግሩፑ ላይ ብትጽፈው?" ብሎ ይልክለታል። መልእክቱ ወዲያው ይነበባል። መልስ እየጻፈ እንደሆነ ይታያል። ይቆማል። እንደገና ይጽፋል።

"ፕሪንተር ላይስ እንዴት ነህ?"